ዘር ላይ ነው የምሠራው

ከአገር ልወጣ ስል በዋዜማው ማታ ጎረቤቱ ሁሉ ሊሰናበተኝ እየገባ «ጀርመን አገር ምን ልትማር ነው?» ይለኛል። ጂን የሚባለውን ነገር ማስረዳት ቢያቅተኝ «ስለ ዘር» አልሁ። በዚያን ጊዜ ቡሬ ገጠር ዘር ማለት የልማት ሠራተኛው የሚያድለው ምርጥ ዘር ነው፤ ያውም የበቆሎ። አባቴ ወጣትነታቸውን ቅኔ ቤት ያሳለፉ ገበሬ ናቸው። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው «የማይነቅዝ ዘር ይዘህልን ግባ» ብለው መረቁኝ። ነገሩ እንዴት እንደተተረጎመ የገባኝ አውሮፕላን ላይ ነው።

እኔን የጠበቀችኝ ዝንብ ናት። ያች ጠላ ጋን አፍ ላይ የምትንጋጋዋ፣ እፍ እያልን የምናባርራት ትንሽ ዝንብ እዚህ በጠርሙስ ትረባለች፣ ገንፎ ይሠራላታል። ገላዋ ክፍል ክፍል ነው። ፅንስ ሳለች ክፍሎቹ ሁሉ ይመሳሰላሉ፤ ከዚያ ሆሚዮቦክስ የሚሏቸው ጂኖች በየክፍሉ የተለያዩት ይነቁና «አንተ ራስ፣ አንተ ደረት፣ አንተ ሆድ» ብለው ይሾሙታል። የደረቱ ጂን ተሳስቶ ራስ ላይ ከነቃ፣ በአንቴናዋ ፈንታ ከግንባሯ እግር ይበቅላል። እንዲህ ያለችዋን በማይክሮስኮፕ መጀመሪያ ያየኋት ዕለት ደግሜ ደጋግሜ አየኋት። እግሩ ጉልበትም ጥፍርም አለው፤ ምንም አልጎደለውም።

አከራዬ አሮጊት ናት። አንድ ቀን ሙዟ ላይ ዝንብ አይታ በሬን አንኳኳች።

«ከሥራ ቦታዎ ያመጧቸው ናቸው?»

«አይደሉም። የእኔዎቹ ዓይናቸው ነጭ ነው። እነዚህ ቀይ ናቸው፤ የእርስዎ ናቸው።»

መነጽሯን አምጥታ አጎንብሳ ዓይናቸውን መረመረች። ከዚያ ወዲያ ሰላምታም ነሣችኝ። በአሥር ሰዓት በሚመሸው፣ ቪንተር በሚሉት በዚያ የብርድ ወራት ከላብራቶሪ ውጭ ያወራኋት ሰው እሷ ብቻ ነበረች፤ ለካ እሷም ትናፈቃለች።

ትምህርቴን ስጨርስ ላብራቶሪው እዚያው እንድቀር ጠየቀኝ፤ እሺ አልሁ። አባቴ ግን ለግንቦት ዘር ደኅናውን ማሳ ለእኔ ለይተው፣ ደጋግመው አርሰው እየጠበቁኝ ነው። ቡሬ ገበያ በሚወጡበት ቀን ስልክ ቤት ቀጥሬ ደወልሁ።

«አባየ፣ የማጠናው ዘር የበቆሎ አይደለም። የዝንብ ነው።»

«የዝንብ? ምነው፣ ዝንብ አንሷቸው ነው ልጀ?»

ሣቅሁ። ዋናውን ነገር ለማዘግየት የዝንቧን ታሪክ ሁሉ ዘከዘክሁላቸው።

«እግሩ ደኅና ነው?» አሉኝ።

«ደኅና ነው። የበቀለበት ቦታ ነው እንጂ።»

«ዛዲያ መሬት ይደርሳል?»

«አይደርስም፣ አባየ።»

መስመሩ ይንሿሿል። መቅረቴን ገና አልነገርኋቸውም።

«ይሁን» አሉ ቀስ ብለው። «እንግዲያ ማሳውን ለወንድምህ እሰጠዋለሁ።»