ቧንቧውን በምን ዘጋሽው?

የነርስ ረዳት ሠልጣኞች «እትዬ ዝጊው» ይሏታል። ስሙን ለፍታ ነው ያገኘችው። ቧንቧ ከፍቶ እጁን ሳሙና የሚቀባ ሰው ካየች፣ ከኮሪደሩ ማዶም ብትሆን «ዝጊው!» ትላለች። ወንድ ከሆነ «ዝጋው!»፣ ሐኪም ከሆነ «ይዝጉት!»። ማዕረግ ታከብራለች፤ በውሃ ግን አትደራደርም።

ጎልማሳ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ በአንድ ሻይ ቤት ጓዳ ብርጭቆ ስታጥብ ኖራለች። ውሃው የሚመጣው በጀሪካን ነበር፤ ጀሪካኑን የምትሸከመውም እሷው ናት። አንድ ብርጭቆ በምን ያህል ውሃ እንደሚጠራ ከወገቧ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ወገቧ እምቢ ሲላት ሥልጠናው ውስጥ ገባች። የሻይ ቤቱ ባለቤት ደግ ሰው ስለሆነ ስትሰናበተው አበረታታት፦ «ሽርጥሽን ከሚስማሩ ላይ አላወርደውም። መመለስሽ አይቀርም።»

ሥልጠናው ቀለላት። መነሳት የማይችል በሽተኛ ማገላበጥ፣ አልጋው ላይ እንዳለ ማጠብ፣ ሳያጣድፉ ማጉረስ። የቆሸሸ አንሶላ ከደረት አርቆ ይያዛል፣ አይራገፍም። ለአንዱ በሽተኛ የተደረገ ጓንት ወደ ሌላው አይሻገርም። ይህ ሁሉ ገባት። ያቃታት እጅ መታጠብ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ እጇ ከውሃ ያልወጣ ሴት፣ እጅ መታጠብ አቃታት።

አሠልጣኟ ነርስ ድምጿን ከፍ አታደርግም፤ ፊቷ ይበቃታል።

«ቧንቧውን የከፈትሽው በቆሻሻ እጅሽ ነው፤ ስለዚህ እጀታው ቆሻሻ ነው። ታጥበሽ ስትጨርሺ በወረቀት ታደርቂያለሽ። ከዚያ በሌላ ደረቅ ወረቀት ይዘሽ ትዘጊዋለሽ። በባዶ እጅሽ ከነካሽው አልታጠብሽም።»

«እስካደርቅ ድረስ ውሃው ይፈሳል?»

«ይፈሳል።»

«ዝም ብሎ?»

«ዝም ብሎ።»

«ኧረ ሲስተር፣ ነውር አይደለም?»

«ነውሩማ ያንን እጅ ይዘሽ ሰው ቁስል አጠገብ መሄድሽ ነው።»

በመጀመሪያው ፈተና ላይ ጥፍሯን፣ የጣቶቿን መሀል፣ አውራ ጣቷን አንድ በአንድ ስታሸው ፈታኙ በአድናቆት አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ እጇ ተወርውሮ ቧንቧውን ዘጋው። አላስፈቀዳትም። ፈታኙ ጣላት። ዳግመኛ የሚወድቅ ሠልጣኝ ይሰናበታል።

«ውይ እትዬ፣ ለአንድ ቧንቧ?» አለቻት አንዷ ሠልጣኝ። ይህችኛዋ አልፋለች። ረጅሙን ጥፍሯን ለፈተናው ቆርጣ፣ ማሳደጉን በዚያው ምሽት ጀምራለች።

ቤት ውስጥ ፈታኟ ልጇ ሆነች። እናትን በፈተና መጣል እንደዚህ ደስ እንደሚል ማን ያውቃል?

«እማ፣ አላለፍሽም።»

«ገና መች ጨረስኩ!»

«ነካሽው እኮ!»

«ታዲያ ሲፈስ ቆሜ ልየው?»

«አዎ! ቆመሽ እይው።»

«አሳድጌሽ አሳድጌሽ ውሃ ማፍሰስ ታስተምሪኝ?»

ልጅቷ እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረች። እናቲቱ በቀይ ጨርቁ ላይ ዘጋችው። ልጅቷ የወጥ ማንኪያ ይዛ መጥታ፣ ቧንቧው በተነካ ቁጥር የእናቷን እጅ ቸብ ማድረግ ጀመረች። ውጤቱ፣ እጅየው ይበልጥ ፈጣን ሆነ። ማንኪያው ሳይደርስ ዘግቶ ይመለሳል።

የመጨረሻው ፈተና ዕለት ጠዋት ሽርጧን በሐሳቧ ከሚስማሩ ላይ አውርዳ ወገቧ ላይ እያሰረች ገባች። ከመታጠቢያው በላይ «እጅዎን ይታጠቡ፤ ሕይወት ያድኑ» የሚል ባለቀለም ማስታወቂያ ተለጥፏል። ፈታኙ ቧንቧውን ለሙከራ ከፈተው። ቧንቧው እንደ በሽተኛ ሁለቴ ሳለና ጸጥ አለ።

«ፓምፑ ነው» አለ የጥገናው ሠራተኛ በበሩ ሲያልፍ፣ ሳይቆም።

ፈታኙ ሰዓቱን አየ። ሌላ ሆስፒታል ይጠብቀዋል።

«ችግር የለም። ውሃ እንዳለ አስመስለሽ ታጠቢ።»

የኢንፌክሽን መከላከል ፈተናው በነፋስ ተካሄደ። እትዬ ዝጊው ደረቁን ቧንቧ ከፈተች። እጇን በምንም አራሰች፤ ሳሙናውን በደረቁ አሸች፤ ጣቶቿን ወደ ታች ዘቅዝቃ በምንም አለቀለቀች። የሚንፏፏ ድምፅ የለም። የሚባክን ነገር የለም። እጇን የሚጠራው ጠፋ። ዘና ብላ ደረቅ እጇን በወረቀት አደረቀች፤ ሌላ ወረቀት መዘዘችና በሱ ዘጋችው።

«ቧንቧውን በምን ዘጋሽው?»

«በወረቀት።»

«ጎበዝ! አልፈሻል።»

አሠልጣኟ ነርስ እሷን አየች፤ ቧንቧውን አየች፤ ከዚያ ጣሪያው ላይ የምታየው ነገር አገኘች።

እንዲህ ሆኖ፣ ውሃ በሌለበት እጅ መታጠብ እንደምትችል በማኅተም ተረጋግጦላት ሥራ ጀመረች።

የመጀመሪያ በሽተኛዋ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ዳሌው ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ቁስሉ አመርቅዞበት፣ በስንት መድኃኒት ገና መጠገጉ ነው። እሷ ገላውን ልታጥበው፣ ልብሱን ልትቀይርለት ነው። ፓምፑ ተሠርቷል። ቧንቧውን ስትከፍተው ውሃው ተንዶ ወረደ።

ታጠበች። አለቀለቀች። እጇ ተወርውሮ ዘጋው።

የክፍሉ ነርስ ጀርባዋን ሰጥታ መድኃኒት ትደረድራለች። ፈታኝ የለም። ማንም አላየም። እትዬ ዝጊው እርጥብ እጇን አየችው። ከዚያ የሾፌሩ ዳሌ ላይ ያለውን ፋሻ አየች። እንደገና ልታጠብ ብትል፣ ያ ሁሉ ውሃ ሁለት ጊዜ ሊፈስ ነው። ወገቧን ቆረጠማት።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱኝ» አለችና መልሳ ከፈተችው።

«አሁን ታጥበሽ የለም እንዴ?»

«ያኛው ለቧንቧው ሄደ። አሁን ለእርስዎ ልታጠብ ነው።»

ከሳሙናው ጀመረች። አለቀለቀች። ውሃው እየተንፏፏ፣ ወረቀት አንስታ ማድረቅ ጀመረች። ቀኝ እጇ ሲነሳ በግራዋ ያዘችው።

ሾፌሩ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ።

«ኧረ ልጄ፣ ውሃው! ዝጊው እንጂ!»

በሆስፒታሉ እንዲህ ብላ የምትጮኸው እስካሁን እሷ ብቻ ነበረች።

«ይፍሰስ!» አለችው።

ነርሷ ዞር አለች። እትዬ ዝጊው የጣቶቿን መሀል ሳትቸኩል አድርቃ ጨረሰች፤ ሌላ ወረቀት መዘዘች፤ በሱ ይዛ ዘጋችው። ወረቀቱ እምብዛም አልረጠበም። ለነገ ልታስቀምጠው ማጠፍ ጀመረች። ከዚያ ቅርጫቱ ውስጥ ጣለችው፣ ጓንቷን አደረገችና ወደ አልጋው ሄደች።

ሾፌሩ እያጉረመረመ ተገላበጠላት።