የላጲሶና የገንዘቤ ጡረታ

ላጲሶ ሄራሞ ከሆሳዕና ገጠር ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ከጉልበቱና በሚሲዮን ትምህርት ቤት ከቀሰማት ፊደል ሌላ የሚመካበት ነገር አልነበረውም። ጊዜው ቦሌ ላይ አዲሱ የአውሮፕላን ማረፊያ ሥራ የጀመረበት ነበርና፣ ከማረፊያው አጠገብ መጋዘን የከፈተ አንድ የግል ዕቃ አስተላላፊ ድርጅት በጫኝነት ቀጠረው። ጫኝ ሆኖ ብዙ አልቆየም። ማንበብና መጻፍ መቻሉ፣ ከዚያም በላይ እጁ ንጹሕ መሆኑ ታይቶ የመጋዘኑን ቁልፍ አስረከቡት። ወዲያው አገሩ ሄዶ ገንዘቤን አገባና ይዟት ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ደመወዝ በተከፈለ ቁጥር የመጋዘኑ ሰዎች «ላጲሶ ምን ቸገረው፣ የሱ ገንዘብ እቤቱ ናት» እያሉ ይቀልዱበት ጀመር። እሱም ቀልዱን ይወደው ነበር።

ቤታቸውን የሠሩት ጉርድ ሾላ ነው። ያን ጊዜ ጉርድ ሾላን ከተማ ብሎ የሚጠራው አልነበረም፤ ባሕር ዛፍ፣ የገብስ ማሳ፣ እዚህና እዚያ ጣል ጣል ያሉ የቆርቆሮ ቤቶች፣ በቃ። አንዲት ልጅ ወለዱ፤ ሚርያም አሏት። በአራት ዓመቷ ኩፍኝ ወሰዳት። ከሷ በኋላ ገንዘቤ አልጸነሰችም። ሐኪምም አዩ፣ ተጸለየላቸውም፣ አልሆነም። ቀስ በቀስ ሁለቱም ስለ ልጅ ማውራት ተዉ፤ ይሁን እንጂ አንድ ፍርሃት በሁለቱም ልብ ውስጥ ቀረ። እነሱ ባደጉበት አገር ሰው የሚያረጀው በልጆቹ እጅ ላይ ነው። ልጅ የሌለው ሰው ጉልበቱ ሲደክም የማን ደጃፍ ላይ እንደሚቀመጥ ሁለቱም በልጅነታቸው አይተዋል።

ለዚህ ፍርሃት መላ ያመጣው የድርጅቱ ሒሳብ ሠራተኛ ጉዲና ነበር። ጉዲና ከደብረ ዘይት ወዲህ ማዶ የተወለደ፣ ዝግ ያለ፣ ሰውን የማይንቅ ሰው ነው። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ከመጋዘኑ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሳለ ላጲሶ ጭንቀቱን አጫወተው። ድርጅቱ ጡረታ የሚባል ነገር የለውም፤ እርጅና ሲመጣ ምን ይበጀኛል አለው።

ጉዲና ጥቂት አሰበና «አክሲዮን ግዛ» አለው። «አንተ የከብት አገር ሰው ነህ፤ አክሲዮን ማለት ላም ነው። ፋብሪካው ያረባልሃል። በየዓመቱ ወተቷን ይሰጥሃል፤ የትርፍ ድርሻ የሚሉት እሱን ነው። አሁን ወተቱን አትጠጣው፣ ሌላ ላም ግዛበት። ስታረጅ ግን ወተቱን እየጠጣህ፣ ሲጎድልህ በዓመት አንዲት ጊደር ብቻ እየሸጥክ ትኖራለህ። መንጋውን ቸኩለህ ካልጨረስከው አንተን ያደርስሃል።»

ለላጲሶ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አላስፈለገውም። ጉዲና ራሱ ወስዶ ከአንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ የመጀመሪያዎቹን አክሲዮኖች አስገዛው። ነገሩን ከእሱ ይልቅ የያዘችው ግን ገንዘቤ ናት። ላጲሶ ያስረዳት ጊዜ እስከ መጨረሻው ሰማችው፤ በማግስቱ ቦሌ ካሉት አዳዲስ ቪላዎች በአንዱ ልብስ አጣቢ ሆና ገባች። ከእንግዲህ የእሱ ደመወዝ ለቤቱ፣ የእሷ ለላሞቹ ይሁን አለች። ሲጦሩ በየወሩ ምን ያህል ብቻ ማውጣት እንዳለባቸው፣ በየስንት ጊዜው ጊደር እንደሚሸጡ፣ ሁሉን በቃሏ ይዛው ነበር። ላጲሶ ለሰባ ዓመት ዕድሜ ቢያስቡ ይበቃል ሲላት እሷ ለሰማንያ ነው የምናስበው አለች። ከሁለታችን የቀረው ሰው እጁን ለልመና ሳይዘረጋ ይኑር፣ የምፈልገው ይህን ብቻ ነው ትለው ነበር።

ለእቅዱ ስትል በራሷ ላይ የጨከነችው ጭካኔ ላጲሶን አንዳንዴ ያስፈራው ነበር። ከጉርድ ሾላ ቦሌ ድረስ በገርጂ ማሳ አቋርጣ በእግሯ ትሄዳለች፤ ጫማዋ እንዳያልቅ ማሳው ውስጥ አውልቃ በእጇ ትይዘዋለች። ለታክሲ ሳንቲም ሲሰጣት ሳጥን ውስጥ ታስቀምጠዋለች። አንዴ ከመርካቶ የሱፍ ሹራብ ገዝቶላት መጣ። ደስ እያላት ለበሰችው፣ መስኮቱ መስታወት ላይ ራሷን አየች፣ ከዚያም አውልቃ አጠፈችና መልሶ እንዲሸጠው ነገረችው። «ጡረታ ስንወጣ ትገዛልኛለህ» አለችው። ሁሉ ነገር ጡረታ ስንወጣ ሆነ። ጡረታ ስንወጣ የሰው ልብስ አላጥብም። ጡረታ ስንወጣ ለመስቀል አገራችን ወርደን ወር ሙሉ እንሰነብታለን። ላጲሶም ይህን ስትል ፊቷ ላይ የሚያየው ብርሃን ደስ ስለሚለው አይከራከራትም። እንዲህ ሆነው አሥር ዓመት አለፈ።

አብዮቱ ፈነዳ። ንጉሡ ወረዱ፣ ወታደሮቹ ገቡ። በ1967 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ አንድ ቀን መጋዘኑ ውስጥ ያለው ሬዲዮ የሕዝብ ንብረት የሆኑትን ፋብሪካዎችና ድርጅቶች ስም መዘርዘር ጀመረ። ጫኞቹ ሥራቸውን አቁመው አዳመጡ። የብርድ ልብሱ ፋብሪካ ስም ሲጠራ ላጲሶ ጉዲናን አየው፤ ጉዲና አንገቱን ደፍቶ ነበር። ትንሽ ቆይቶ የራሳቸው ዕቃ አስተላላፊ ድርጅትም ስም ተጠራ። ጫኞቹ አጨበጨቡ፤ ላጲሶም እጁን አነሣ፣ ግን ማጨብጨቡንም አለማጨብጨቡንም በኋላ አላስታወሰም።

ከሥራ በኋላ ጉዲና እስከ መንገዱ ሸኘው። ካሳ ይከፈል ይሆናል አለው፤ ሁለቱም ግን አላመኑበትም። እኔ ነኝ እዚህ ያስገባሁህ ብሎ እንባው መጣ። ላጲሶ ያን ጊዜ ማጽናናት የቻለው ጉዲናን ነው።

እቤት ሲደርስ ገንዘቤ በር ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ጎረቤቷ ሸሪፋ ፋብሪካ ሁሉ ተወረሰ ስትል ሰምታለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«የኛ የለበትም አይደል?» አለችው።

ላጲሶ እውነቱን ሊነግራት ነበር አመጣጡ። መንገዱን ሙሉ ቃሉን ሲመርጥ ነው የመጣው። ፊቷን ሲያይ ግን አፉ ሌላ ነገር ተናገረ።

«የለበትም» አላት። «የኛን አልነኩትም።»

ገንዘቤ እዚያው በሩ ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች፤ የደስታ ልቅሶ ነው። ላጲሶ አጠገቧ ቆሞ ትከሻዋን ያዘ። ለዛሬ ብቻ ነው፣ ነገ እነግራታለሁ ብሎ አሰበ። በማግስቱ ግን እየዘመረች እሳት ስታቀጣጥል አገኛትና አልቻለም። ሳምንቱ እንዲህ አለፈ፣ ወሩም አለፈ። ከዚያ በኋላ መንገሩ ራሱ ከመወረሱ የከፋ ነገር ሆነበት።

የትርፍ ድርሻ መቀበያው ሲደርስ ላጲሶ ከሥራ በኋላ ለነጋዴዎች ጭነት መሸከም ጀመረ። በዕድሜው አርባ አምስት አልፎት፣ የመጋዘን ኃላፊ ሆኖ ሳለ፣ ድሮ የተወውን ጆንያ እንደገና ጀርባው ላይ ጫነ። የዘገየሁት ስብሰባ ስላለ ነው ይላታል። ያገኘውን አጠራቅሞ ይኸው የትርፍ ድርሻችን ብሎ ሰጣት። ገንዘቤ ሳትነካው መለሰችለትና ሌላ አክሲዮን ግዛበት አለችው። እሱም ወስዶ ባንክ አስቀመጠው። በሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ አደረገ። እሷ አሁንም ማሳውን አቋርጣ በእግሯ ትሄዳለች፤ አሁንም ሥጋ የሚገዛው ለበዓል ብቻ ነው። ላጲሶ ብዙ ጊዜ ከሥጋ ቤት ደጃፍ ቆሞ ይመለሳል። ብገዛ ምን ልበላት እያለ ነው።

በ1969 ግንቦት ላይ ልብስ ስትጨምቅ በአንድ እጇ ብቻ እንደምትጨምቅ አየ። ምን ሆነሽ ነው ቢላት ምንም አለች። አጥብቆ ሲጠይቃት ጡቷ ላይ እብጠት እንዳለ፣ ከወጣም እንደቆየ ነገረችው። ለምን እንደደበቀችው አልጠየቃትም፤ ያውቀዋል። በነጋታው ሐኪም ቤት ወሰዳት። ሐኪሙ ቶሎ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል አለ። በመንግሥት ሆስፒታል ተራዋ የሚደርሰው ከክረምት በኋላ ነው፤ ከፍለው የሚታከሙበት ግን በሳምንቱ ሊቀበላት ይችላል።

እሑድ ነበር። መንግሥት የጸሎት ቤታቸውን ካሸገው ወዲህ እሑድን እቤታቸው ነበር የሚያሳልፉት። ከሰዓት በኋላ ላጲሶ ነገሩን አነሣ፤ ከፍለን እንታከም አላት።

«አይሸጥም» አለችው። «ክረምቱ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ።»

«ሐኪሙ አትጠብቂ ብሏል እኮ።»

«ሰምቻለሁ። አስቤበታለሁ ላጲሶ። ሕክምናው ብዙ ላም ይበላል። ድኜ ብኖር የቀረው ለሁለት ሰው አይሆንም። ባልድን ግን ለአንተ ለብቻህ በደንብ ይበቃሃል። ሰው ደጃፍ ሳትንከራተት ትኖራለህ።»

ይህን የተናገረችው የገበያ ዋጋ እንደሚናገር ሰው ረጋ ብላ ነው። ላጲሶ ተነሣ፣ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ገንዘቤ፣ ምንም የለም» አላት።

«ምኑ?»

«አክሲዮኑ። ወስደውታል።»

«መቼ?»

«ያን ጊዜ። በስልሳ ሰባት፣ ጥር ላይ።»

ገንዘቤ እጆቿን አየች። ሳሙናና ሶዳ የበላቸው፣ ጣቶቻቸው የተሰነጣጠቁ እጆች ናቸው። የትርፍ ድርሻ ብለህ ያመጣኸውስ ከየት ነው አለችው፤ ጭነት ተሸክሜ ነው አላት። ባንክ እንዳለ፣ ለሕክምናው እንደሚበቃም ነገራት። እሷ ግን ይህን የሰማችው አትመስልም።

«ሚርያምን ስንቀብር አብረን ነው ያለቀስነው» አለች በመጨረሻ። «ይህን ለብቻህ አለቀስከው። እኔን ደግሞ ለሞተ ከብት ሁለት ዓመት ሙሉ ሳር እንዳጭድ ተውከኝ።»

ላጲሶ ልራራልሽ ብዬ ነው ሊላት ፈልጎ ነበር፤ ቃሉ አፉ ላይ ሳይደርስ ራሱን አሳፈረው።

ሦስት ቀን አላናገረችውም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ልብሷን ለብሳ ወጣችና እንሂድ አለችው። ቀዶ ጥገናው ተደረገ፤ ሐኪሙ ግን ላጲሶን ለብቻው ጠርቶ በሽታው ቀድሟቸው እንደሄደ ነገረው። ላጲሶ ይህንን አልደበቃትም። ከሆስፒታሉ ሲወጡ በታክሲ ውስጥ ነገራት። እጁን ያዘችና «አሁን ነገርከኝ» አለችው። ከዚያ ወዲህ የተናገሩት ይህ ብቻ እስኪመስል ድረስ ላጲሶ ዕድሜውን ሙሉ ያቺን ቃል አሰበ።

የቀሯቸውን ወራት አብረው ከረሙ። ልብስ ማጠቡን ተወች። ላጲሶ ጠዋት ጠዋት ሳይሄድ ቁርሷን ሠርቶላት ይወጣል፤ ቀን ሸሪፋ ትጠብቃታለች። ሥጋም ገዛላት፤ ሁለት ጉርሻ በልታ ተወችው፣ ሆዷ አልፈለገውም። ይቅር ብዬሃለሁ ብላዋለች፣ እውነቷንም ነው። ነገር ግን አንዴም ስለሚመጣው ጊዜ አላወራችም። ድሮ የሰለቸው የነበረውን ያን የነገን ወሬ አንድ ጊዜ ለመስማት ያለውን ሁሉ በሰጠ ነበር። አንድ ቀን እሱ ራሱ ሲሻልሽ ለመስቀል እንወርዳለን ብሎ ሞከረ። ፈገግ አለችለትና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ኅዳር ላይ አረፈች። ከተማው ውስጥ በየቀኑ ሰው የሚገደልበት፣ ሰው ከሰው ጋር ተሰብስቦ መታየት የሚፈራበት ጊዜ ነበር። ለቀብር የመጡት ጉዲና፣ ሸሪፋና ባሏ፣ ከጸሎት ቤቱ ደግሞ ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው። መዝሙሩን በለሆሳስ ዘመሩት። እናቷ ሆሳዕና ሆነው የሰሙት ከተቀበረች በኋላ ነው።

ላጲሶ ብዙዎች ቢመክሩትም አላገባም። አገሩም አልተመለሰም። መጋዘኑ የመንግሥት ሆኖ ስሙ ቢቀየርም ቁልፉ እሱ ዘንድ ቆየ። ድርጅቱ ከተወረሰ ጀምሮ ለሠራተኞቹ ጡረታ ይቆረጥላቸው ስለነበር፣ በ1977 ዓ.ም. ሃምሳ አምስት ዓመት ሲሞላው ለጡረታ አበል በቃ። የሸኙት ዕለት የክፍሉ ካድሬ አጭር ንግግር አደረገ፤ ጉዲና፣ ከሱ ቀድሞ የተጦረው፣ ሊያቅፈው ከደብረ ዘይት ድረስ መጥቶ ነበር።

አበሉን ሊያስጽፍ የሄደ ቀን አንዲት ወጣት ጸሐፊ ተቀበለችው። ስሙን፣ የተወለደበትን ዓመት ጠየቀችው። ከዚያ ቀና ሳትል «አባባ፣ ባለቤት አለዎት?» አለችው።

ላጲሶ ብዕሯን አየ። ጸሐፊዋ ያልሰማት መስሏት ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «እርስዎ ቢያልፉ አበሉ ለባለቤትዎ ይተላለፋል፤ ሳትቸገር ትኖራለች። ለዚህ ነው የምጠይቅዎት።»

«ነበረችኝ» አላት።

ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየችው፤ ይቅርታ አባባ አለችና መስመሩን ባዶ ተወችው።

የመጀመሪያውን አበል የተቀበለ ሰሞን ላጲሶ እቤት መዋል ሞከረ። ጠዋት ይነሣል፣ ይለብሳል፣ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። ፀሐይዋ ገና ሳትሞቅ ቀኑ አልቅስ አልቅስ ይለዋል። በሳምንቱ ሸሪፋ ምሳ ይዛለት ስትመጣ፣ መቼም ያሻዎትን የሚያደርጉበት ጊዜ ደረሰ፣ እንግዲህ ማረፍ ነው ብላ አጫወተችው።

«ሸሪፋ፣ ሥራ ካለ ጠይቂልኝ» አላት።

 ባሏ በሚያውቀው ቦሌ በሚገኝ አንድ ቪላ ዘበኛ ይፈለግ ነበርና ነገረችለት። ላጲሶ ደመወዙ ስንት እንደሆነ አልጠየቀም። ሰኞ ጠዋት ሥራ ገባ።