ከወረዳው በታች

ቀበሌ ወረፋ ስጠብቅ የማኅተም ቀለም ሸተተኝና ሐጂ ትዝ አሉኝ።

ሐጂ ከድሬ ጠያራ ገጠር ማሽላ የሚያመጡልን ገበሬ ነበሩ። አንድ ቀን የወረዳው ገዥ ልጃቸውን አሰረባቸው። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት፣ ከወረዳ በላይ አውራጃ፣ ከአውራጃ በላይ ጠቅላይ ግዛት፣ ከዚያ በላይ ሚኒስቴር እንዳለ ገና መሸምደዴ ነበር። «የላይኛው ይበልጣል» ብዬ በደብተሬ ወረቀት ለሚኒስትሩ አቤቱታ ጻፍኩላቸው።

መልሱ ከወራት በኋላ መጣ። ፈረስ መጋላ ገበያ ቆሜ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። «ጉዳዩ በወረዳው ገዥ ታይቶ ይወሰን» ይላል።

ሐጂ ሐምራዊውን ማኅተም በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«ልጄ፣ ከወረዳው በታችስ ማን አለ ብለው አስተማሩሽ?»

መጽሐፌ እዚያ ላይ ያልቅ ነበር። ወረቀቱን አጥፈው ብቻቸውን ወደ ከተማው ግንብ በር ሄዱ።

እዚህ ቀበሌም እስካሁን የጠራኝ የለም።