ደረቱን የሚደቃው እንግሊዛዊ

አዲስ አበባ መድረክ ላይ ሃያ ዓመት ንጉሥም ሽፍታም ሆኜ ተጫውቻለሁ። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ግን የመኪና ማቆሚያ ትኬት ነው የምቆርጠው። እዚያው አጠገብ ታኮማ ፓርክ ያለ አንድ ትንሽ የቲያትር ቡድን ተዋናይ እንደሚፈልግ ስሰማ ሰተት ብዬ ገባሁ።

ተውኔቱ ስለ አንድ እንግሊዛዊ ተዋናይ ነው። ሰውየው በድምፁ የለንደንን መድረክ ሲገዛ ኖሮ፣ ፊልም ገና ድምፅ ሳያወጣ ወደ ፊልም ይገባል። እሱን ልሁን አልኩ። አዘጋጇ ጨዋ ፈረንጅ ናት፤ አነጋገሬ እንግሊዛዊ እንደማያስመስለኝ ነግራኝ በር የሚከፍተውን አሽከር እንድጫወት ጠየቀችኝ። ደሜ ፈላ።

«ፊልም ውስጥ የሚገባበት ሁለተኛው ክፍል ድምፅ አልባ ነው» አልኳት። «አክሰንቴን ማን ይሰማዋል?»

ትንሽ አሰበችና ያንን ክፍል ሰጠችኝ፤ የመጀመሪያውን ሌላ ሰው ያዘው። ወደ ልምምድ የምታደርሰኝ ልጄ፣ መሳቂያ ትሆናለህ፣ ይቅርብህ ብላ በእንግሊዝኛ መከረችኝ። እንዳልሰማ ሆንኩ።

በእኔ ክፍል እንግሊዛዊው የእናቱን ሞት በደብዳቤ ይረዳል። ልምምድ ላይ ደረቴን ደቃሁ። አዘጋጇ አስቆመችኝ፤ እንግሊዛዊ ባርኔጣውን አውልቆ ዝም ብሎ ይቆማል አለች። ሚናውን እንዳላጣ ፈርቼ እሺ አልኩ፣ ግን አንገበገበኝ።

ከዓመታት በፊት የእናቴ መርዶ የደረሰኝ ሥራ ላይ ነበር። መኪኖች ተሰልፈው ስለነበር ስልኩን ዘግቼ ትኬት መቁረጤን ቀጠልኩ። የመኖሪያ ወረቀቴ ስላላለቀ ለቀብሯም አልሄድኩም። ቤት ስገባ ደግሞ ያኔ ሕፃን የነበረችው ልጄ እንዳትደነግጥ ብዬ እንባዬን ዋጥኩት።

የመጀመሪያው ትርኢት ቀን ደብዳቤውን ከፈትኩ። እጄን ወደ ባርኔጣዬ ሰደድኩና ተውኩት። ደረቴን ደቃሁ፣ ደጋግሜ ደቃሁ፤ ድምፁ እስከ መጨረሻው ወንበር ይሰማ ነበር። አንድም ሰው አልሳቀም።

መጋረጃው እንደተዘጋ አዘጋጇ መጣች። ነገ ባርኔጣውን ካላወለቅኩ ሚናውን ለሌላ እንደምትሰጥ ቁርጡን ነገረችኝ። ልጄ ከኋላዋ ቆማለች፣ ዓይኗ ቀልቷል። ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ በአማርኛ ጠየቀችኝ።

«ዳዲ፣ ለአያቴ ነው አይደል?»

አዎ አልኳት። ባርኔጣውን አዘጋጇ እጅ ላይ አስቀመጥኩ።

«ከፈለግሽ ለሌላ ሰው ስጪው» አልኳት። «እኔ ከተጫወትኩ ግን ነገም እደቃለሁ።»