እንጥሌና ልቤ

መጀመሪያ ያየሁት ሮዝ አረፋ ነው።

ድሬዳዋ፣ አንድ ሆቴል ጓሮ ባለ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ነበርኩ። ገንዳውን አንዴ አቋርጬ ስመለስ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠብኝ መሰለኝ። ጠርዙን ይዤ ሳልኩ። መዳፌ ላይ የወጣው አክታ አረፋ ነበረው፤ ቀለሙም ሮዝ። እጄን ውሃው ውስጥ ነክሬ አጠብኩት። ማንም አላየኝም።

ይህን የምጽፈው ትንፋሹ አጥሮበት ምክንያቱን ላላወቀ ሰው ነው። ለእናቶችም ነው። መጨረሻው ያማረ ታሪክ የሚጠብቅ ካለ ግን ከአሁኑ ይወቀው፤ አላማረም።

ሥራዬ የጂም አሰልጣኝ ነው። ጂሙ ሐረር፣ ከሸዋ በር ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ሕንጻ ላይ ነው። ከታች የሚኒባስ ረዳቶች «ድሬ! ድሬ!» ሲሉ እኔ ከላይ «የመጨረሻዋ ናት፣ አንድ ብቻ!» እላለሁ፤ ሁለታችንም እንዋሻለን። እነሱ መኪናው ሳይሞላ አይነሱም፣ እኔም ከመጨረሻዋ በኋላ ሌላ አስጨምራለሁ። የማሠለጥናቸው ነጋዴዎች፣ የቢሮ ሠራተኞችና ከሠርጋቸው በፊት ቦርጫቸውን ማጥፋት የሚፈልጉ ሙሽሮች ናቸው። የሰው ጡንቻ ስገነባ ኖሬ የራሴ ጡንቻ መስታወት ፊት ከመቆም ሌላ ምንም ሠርቶ እንደማያውቅ አንድ ቀን ገባኝ። በዚያው ሰሞን በስልኬ ሰዎች ከባሕር ወጥተው ብስክሌት ላይ ሲወጡ፣ ከብስክሌት ወርደው ሲሮጡ አየሁ። ትራያትሎን ይሉታል። ሐረር ባሕር የለም። እኔም ዋና አልችልም። ምናልባት የሳበኝ ይኸው ነው።

ያገለገለ ብስክሌት ገዛሁ። ጠዋት ጠዋት ጫት በጫኑ አይሱዙዎች መሃል እየተሽሎከለኩ እስከ አወዳይ እነዳለሁ። ማታ ሐኪም ጋራ የሚባለውን ተራራ እሮጣለሁ። እሑድ እሑድ ድሬዳዋ ወርጄ፣ አብሮ አደጌ ነስረዲን በሚሠራበት ሆቴል ዋና እማራለሁ። ገንዳውን የሚያጸዳው፣ ሰው ሲሰምጥም የሚያወጣው እሱ ነው። ትዕግሥተኛ አስተማሪ አይደለም። «ኮች፣ አንተ እኮ እንደ ብሎኬት ነው የምትዋኘው አቦ» ይለኛል። «ብሎኬት እንኳን መሬት ሲነካ ያርፋል።»

ምልክቶቹ ከአረፋው በፊትም ነበሩ። ሐኪም ጋራ ላይ ያሠለጠንኳቸው ሰዎች ያልፉኝ ጀመር። ልቤ አንዳንዴ ያለ ምክንያት እንደ ተያዘች ወፍ ትንፈራገጣለች። በአንድ ትራስ መተኛት አቃተኝ። አሰልጣኝ ነኝና ለዚህ ሁሉ መልስ ነበረኝ፤ ልምምድ አንሶህ ነው፣ ጨምር። ጨመርኩ። አረፋውንም የገንዳው ኬሚካል ያመጣው ነው ብዬ ተውኩት።

በሁለተኛው ጊዜ ነስረዲን አየው። ገንዳው መሃል ነበርኩ። አየር አልገባ አለኝ። አፌ በአረፋ ተሞላ። ጎትቶ አወጣኝ። ጋደም ሲያደርገኝ ባሰብኝ። ቀና አደረገኝ። ተሻለኝ። «ወላሂ ይሄ የውሃ አይደለም» አለ። ሌላ ቀልድ አልቀለደም። ሆስፒታል ወሰደኝ። ኦክስጅን ሰጡኝ፤ በደም ሥሬ ላሲክስ፣ ውሃ በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት፣ ወጉኝ። ሳንባህ ውሃ ቋጥሯል አሉኝ። ነገሩ የሳንባ አልነበረም።

ሐረር ተመልሼ የልብ ሐኪም ዘንድ ቀረብኩ። እናቴ አብራኝ መጥታ ውጪ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ሐኪሙ ወጣት፣ ቁጥብ ሰው ነው። ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አድርጎ ቆየ። በግራ ጎኔ አስተኝቶ ደግሞ ቆየ። ኢኮ፣ የልብ አልትራሳውንድ፣ አነሳኝ። ከዚያ ልጅ ሳለሁ ጉልበቴን ያብጠኝ እንደነበር ጠየቀኝ። አዎ፣ አንዱ ሲተወኝ ሌላው ይተካ ነበር፤ ሰፈሩም ዕድገት ነው፣ እየረዘመ ነው አለ። ጉሮሮህንስ? ብዙ ጊዜ። አፍህን ክፈት አለኝና ባትሪ አበራበት።

«እንጥልህን ማን ቆረጠህ?»

ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ጉሮሮዬን አሞኝ አተኮሰኝ። እንጥሉ ወርዷል ተባለ። እናቴ በዚህ ነገር እጁ የተባረከ ነው ወደሚባል ሽማግሌ ወሰደችኝ፤ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጭንቅላቴን በሁለት እጇ ያዘች። ማንኪያ፣ ስለት፣ ደም። ጎረቤቶች እንኳን እግዜር ማረህ አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ጉሮሮዬን ባመመኝ ቁጥር እናቴ አትደነግጥም። እንጥሉ ተቆርጧል፣ ከእንግዲህ ምን ይመጣበታል? ዝንጅብል አጠጥታ ታስተኛኛለች።

«መቆረጡ አይደለም ልብህን የጎዳው» አለ ሐኪሙ። «ጉሮሮህ ያለ ፔኒሲሊን መቅረቱ ነው።» ጀርሙ የሚቀመጠው እንጥል ላይ ብቻ እንዳልሆነ፣ ካልታከመ ሰውነት የራሱን መገጣጠሚያና የራሱን ልብ እንደሚያጠቃ አስረዳኝ። ስሙ ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። የእኔው ማይትራል ስቴኖሲስ ይባላል፤ በግራ በኩል ያለው የልብ ቫልቭ ጠባሳ ይዞ ጠቧል። በገበያ ቀን ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ጠባብ በር ልውጣ ሲል አስብ አለኝ፤ ደሙ ማለፊያ ሲያጣ ወደ ሳንባ ይመለሳል። ስትሮጥና ስትዋኝ ደግሞ ግፊያው ይብሳል።

ስፖርቱ ነው ያሳመመኝ? አልኩት።

«አይደለም። ስፖርቱ የተደበቀውን አወጣው።»

ውድድሩስ?

«መጀመሪያ ደረጃ መውጣት ይቻልህ» አለኝ።

ስወጣ እናቴ ብድግ ብላ ምን አለህ አለችኝ። ልብ ደክሟል ብሎኛል አልኳት። «ያ ብስክሌት!» አለች ወዲያው። «እኔ አላልኩም?» እነዚያን ሁለት እጆቿን አየሁና እውነቱን ለራሴ ያዝኩት። የዚያኑ ቀን ብስክሌቱን ጓሮ ወስዳ በማዳበሪያ ጆንያ ሸፈነችው። ሰፈሩም ተስማማ፤ ስፖርት ልጁን በላው ተባለ።

ለሕክምና አዲስ አበባ ተላክሁ። ወረፋ ነበር። ጠበቅሁ። አብሮኝ ሲጠብቅ የነበረ፣ አልጋው ከአልጋዬ አጠገብ የነበረ ሰው ወረፋው ሳይደርስ አረፈ። እሱም የእኔው ሕመም ነበረበት። አንሶላውን ቀይረው ሌላ ሰው አስተኙበት። ግጥም እየጻፍኩ ያደግኩ ነኝ፤ በዚያ ክፍል አንድ ስንኝ አልመጣልኝም። መምጣትም አልነበረበትም።

ተራዬ ደረሰ። በብሽሽቴ ደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብተው እስከ ልቤ አደረሱት። ጫፉ ላይ ፊኛ አለ። ነቅቼ ነበር። ፊኛው ጠባቡ ቫልቭ ውስጥ ተነፋ። ልቤ ቆመች መሰለኝ። ፊኛው ተነፈሰ። ልቤ ቀጠለች። በጀርባዬ እንደተኛሁ አየር እስከ ሆዴ ድረስ ገባ። አለቀስኩ። ነርሷ አመመህ እንዴ አለችኝ፤ አይ፣ ተነፈስኩ አልኳት።

ከዚያ በኋላ የመጡት ወራት ደጎቹ ናቸው፤ ሐረር ተመልሼ መጀመሪያ በግቢያችን፣ ቀጥሎ በጁገል፣ በግንብ በታጠረው አሮጌ ከተማ፣ ጠባብ መንገዶች ጥላ ጥላውን እየያዝኩ፣ አቀበት ሲመጣ በር ላይ ከተቀመጡ ሰዎች ጋር ሰላምታ የማቀርብ መስዬ እያረፍኩ፣ ቀስ በቀስ ከአንዱ በር እስከ ሌላው መራመድ ቻልኩ፤ ሐኪሙም ሕመሙ እንዳይመለስ በየወሩ የምወጋውን የቤንዛታይን ፔኒሲሊን መርፌ እስካላቋረጥኩ ድረስ ቀላል እንቅስቃሴ ፈቀደልኝ፣ ውድድርን ግን ለዘለቄታው ከለከለኝ። ጂሙም ተመለስኩ፤ ከተቀመጥኩበት እያዘዝኩ፣ የማልሠራውን ለሌላ ሰው እያሠራሁ።

አንድ እሑድ ነስረዲን በስልክ ጠርቶኝ ወረድኩ። ገንዳውን አንዴ፣ እሱ ጎን ጎኔ እየሄደ፣ በዝግታ አቋረጥኩ። ከዚያ በተዋሰልኝ ብስክሌት ገንደ ቆሬ ሰፈር ድረስ በዛፎቹ ጥላ ሄድኩ። በመጨረሻ ሆቴሉ ድረስ በእግሬ ተመለስኩ፤ አልሮጥኩም። ነስረዲን በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። «በቃ ሆንክ እኮ» አለ። «ትራያ ምናምኑን ሆንክ።» በእኔ ሚዛን አልሆንኩም። እሱ ግን ለሚያገኘው ሁሉ ሆኗል እያለ ይናገራል፤ ማረም ትቻለሁ።

በቀጣዩ ኢኮ ቫልቩ እንደገና መጥበብ መጀመሩ ታየ። ሐኪሙ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ፊኛ ሁለተኛ እንደማይሠራልኝ፣ የሚቀረው ቀዶ ሕክምና ተደርጎ የብረት ቫልቭ ማስገባት እንደሆነ ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን ይዋጣል፤ ደም ያቀጥናል፣ ከብስክሌት መውደቅ ማለት ጭንቅላት ውስጥ ደም መፍሰስ ማለት ነው። አሁን ያለሁት እዚህ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ወረፋ እጠብቃለሁ። ደረጃ ስወጣ መሃል ላይ እቆማለሁ። ትራሴ እንደገና ሁለት ሆኗል።

ይህ ሁሉ ሆኖ እናቴ ብስክሌቱን ስትረግም ኖረች። እኔም ተውኳት። ደግሞስ ምን ይጠቅማታል? ልታወጣው የማትችለውን ድንጋይ ለምን አሸክማታለሁ?

ከዚያ የእህቴ ልጅ ሶስና ታመመች። ትኩሳት፣ መዋጥ አለመቻል፣ አንገቷ ሥር እብጠት። እህቴ ሥራ ላይ ነበረች። ቤት ስገባ እናቴ ልጅቷን እያለባበሰች ነው። ወዴት አልኳት።

«ሽማግሌው ጋ። እንጥሏ ወርዷል።»

«አይሆንም እማዬ፣ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት።»

«አንተን አስቆርጬ አይደል ያሳደግሁህ?» አለች። በኩራት ነው ያለችው።

በሩ ላይ ቆምኩ። ልጅቷ በሁለታችን መካከል ናት። ዝም ብል ልጅቷ ነገ እኔን ትሆናለች።

«እማዬ፣ ብስክሌቱ አይደለም» አልኳት።

ሐኪሙ ያለኝን ሁሉ ነገርኳት። አልጮኸችም፣ ደረቷን አልመታችም። የሶስናን ቁልፍ ሲቆልፉ የነበሩት እጆቿ ባሉበት ቆሙ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«ከመጀመሪያው።»

«ብስክሌቱን ስሰድበው ቁጭ ብለህ ትሰማኝ ነበር?»

እሰማት ነበር። ቁልፉን ጨረሰች። ሶስናን አዘለቻትና ባጃጅ ጥራ አለችኝ። ጤና ጣቢያ የጤና መኮንኗ ጉሮሮዋን አይታ ፔኒሲሊን ወጋቻት። ልጅቷ ጩኸቷን አቀለጠችው። እናቴም ያኔ አለቀሰች፤ ከልጅቷ ጋር የምታለቅስ አስመስላ።

ከውሃ ላወጣኝ ነስረዲን፣ እውነቱን ሳያጣፍጥ ለነገረኝ ሐኪም፣ አመመህ እንዴ ብላ ለጠየቀችኝ ነርስ ምስጋናዬ ብዙ ነው። አልጋው ከአልጋዬ አጠገብ ለነበረው ሰው ነፍስ ይማር። እግዜር ይስጥልኝ የምላት እናቴም አለች፤ ያን ቀን እኔን ለመርገም ወይም ራሷን ለመርገም ጊዜ ሳታጠፋ ልጅቷን ስላዘለች።

ትንፋሽህ ሲያጥር ልምምድ አትጨምር፤ ልብህን አስደምጥ። ሩማቲክ ነው ከተባልክ የወር መርፌህን አታቋርጥ፤ ያመዋል፣ ይሁን። ልጅሽ ጉሮሮውን አሞት ካተኮሰው እንጥሉ ተቆረጠም አልተቆረጠም ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ ዛሬውኑ። የእኔ ልብ በዚህ ምክር አይድንም። ያልታመመ ልብ ግን ይተርፋል።

እናቴ አሁን በሰንበቴም በለቅሶ ቤትም «እንጥሉ ወርዷል» የሚል ቃል ከሰማች ትነሳለች። ዙሪያውን ሰው እያለ፣ ድምጿን ሳትቀንስ፣ «እኔ የልጄን አስቆርጫለሁ» ትላለች። ካላመኗት ትደውልልኛለች። ሄጄ ከሴቶቹ መሃል እቀመጣለሁ፤ ሸሚዜን እከፍታለሁ። እጃቸውን ይዛ ደረቴ ላይ ታሳርፈዋለች።