«ጠበቃ አይደለሁም» ይሉን የነበሩት ወይዘሮ የሺመቤት

ለምታውቋቸው ሁሉ፤ ወይዘሮ የሺመቤት ደምሴ ማክሰኞ ጠዋት በድንገት አረፉ። ሰኞ ከሰዓት ደውለው ስለ ጉልበቴ ጠይቀውኛል፤ «እማማ፣ መድኃኒቱን ዛሬም ረሱት አይደል?» ብለው ስቀውብኛል። በማግስቱ የሰው ጉዳይ ይዘው ወደ ችሎት ሲሄዱ፣ ቪክቶሪያ ፓርክ የባቡር ጣቢያ ደረጃው ላይ ልባቸው ቆመ። እንዴት እንዲህ ይሆናል? ረቡዕ ዕለት ሳላስበው ወደ ቤታቸው ደወልኩ። መልእክት መቀበያ ማሽኑ አነሳ፤ የተቀዳው ድምፃቸው ደህና ነው። ደንግጬ ዘጋሁት።

አዲስ አበባ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ቶሮንቶ መጥተው በአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት እየሠሩ ሁለት ዓመት ኮሌጅ ተማሩ። ከዚያ ለድሃ በነፃ በሚሠራ አንድ የሕግ ክሊኒክ፣ በጠበቆች ሥር ሆነው፣ የተከራይና የሠራተኛ ጉዳይ ይይዙ ጀመር። ሥራው ግን ፈተናም ፈቃድም አልነበረውም፤ ይህም ያንገበግባቸው ነበር። «እማማ፣ ፀጉር ለመቁረጥ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ሰው ቤቱን የሚያጣበትን ጉዳይ ስይዝ ግን ማንም ምንም አይጠይቀኝም። ይጠይቁኝ! ልፈተን!» ይሉ ነበር። ለመንግሥት ስንት ደብዳቤ እንደጻፉ እኔ አውቃለሁ፤ ቴምብሩን የምለጥፈው እኔ ነበርኩ።

የተዋወቅነው ከተከራየነው ቤት ልንባረር ስንል ነው። ክሬሰንት ታውን የሚባል ሰፈር ከልጄ ከሂሩትና ከሁለት ልጆቿ ጋር እኖራለሁ። ሂሩት የኪራዩን ፎርም ስትሞላ «ለፈረንጆቹ ይቅለላቸው» ብላ ሁላችንንም በራሷ አባት ስም አስገባችን። ኋላ አከራዩ በሚላክልን ፖስታ ላይ ሦስት የተለያየ የአባት ስም አየ፤ እኔ በአባቴ፣ ሂሩት በአባቷ፣ ልጆቹ በአባታቸው። «አንድ ቤተሰብ አይደላችሁም፤ ሌላ ሰው አስገብታችሁ አከራይታችኋል» ብሎ ቤቱን ልቀቁ የሚል ወረቀት ላከብን። ከዚያ ቤት ከወጣን መግቢያ አልነበረንም።

ክሊኒኩ ስሄድ ወይዘሮ የሺመቤት መጀመሪያ ያሉኝ፣ «እኔ ጠበቃ አይደለሁም» ነው።

«ታዲያ እዚህ ምን ሊያደርጉልኝ ተቀመጡ?»

«አነባለሁ፤ እጽፋለሁ፤ ችሎት ላይ አጠገብዎ እቆማለሁ።»

«እንግዲያው ፎርሙን የሞላው የቢሮው ሰው ነው ይበሉልኝ።»

«ማን ነው የሞላው?»

«ሂሩት።»

«ሂሩት ናት እላለኋ!»

«እኔ ደግሞ የኛ ወገን መስለውኝ!» ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ። ያን ቀን እየተራገምኩ ወጣሁ። በየቢሮው «ፍትሕ የለም» እያልኩ የምጮኸው ሴትዮ፣ ውሸት ለምኜ ተከለከልኩ።

ሌላ የሚቆምልን ስላልነበረ ግን ተመለስኩ። የችሎቱ ቀን የአከራዩ ሰው አፉን ሳይከፍት ወይዘሮ የሺመቤት ብድግ አሉና፣ «ፎርሙ ላይ ስሕተት አለ፤ የሠራነውም እኛ ነን» አሉ። አለቀልን አልኩ። እሳቸው ግን የሁላችንንም የልደትና የስደት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ደርድረው፣ በኛ አገር ስም ከአባት ወደ ልጅ እንዴት እንደሚሄድ በጣታቸው እያሳዩ አስረዱ። ዳኛዋ ወደኔ ዞራ፣ «የባልዎን ስም ለምን አልያዙም?» አለችኝ።

«የባሌ ልጅ አይደለሁማ!» አልኩ።

አስተርጓሚው ሳቁ አመለጠው፤ ሲተረጉምላት ዳኛዋም ሳቀች። ቤታችን ተረፈ። ኮሪደር ላይ እጃቸውን ልስም ብል ጎትተው፣ «ይልቅ ሂሩት ፎርሙን ዛሬውኑ ታስተካክል» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ሲያታልለኝ እሳቸው ብቻ እንደማያታልሉኝ አውቄ ኖርኩ። አሁን ማንን ልጠይቅ?

ወይዘሮ የሺመቤት፣ ያቺን ማክሰኞ የሆነውን ላውራዎት። የሕግ ክሊኒኩ ደውሎልን እኔና ሂሩት ሆስፒታል ስንደርስ፣ እዚህ ከተማ ዘመድ ስለሌለዎት አልጋዎ አጠገብ ማንም አልነበረም። ነርሷ ወረቀት ይዛ፣ «እናቷ ነዎት?» አለችኝ። «አዎ» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዓይንዎ ትዝ አለኝ። «እናቷ አይደለሁም። አጠገቧ ግን እቆማለሁ» አልኳት።

ደብዳቤዎቹን ሂሩት ትጽፋለች፤ ቴምብሩ እኔ ዘንድ ነው። ለሥራው ፈተናና ፈቃድ እስኪወጣ መጻፋችንን አንተውም። ደህና ይሁኑ፣ ልጄ። ነርሷ ወንበር አቅርባልኝ ነበር፤ አልተቀመጥኩም።