የእናቴ የጉልበት ሎሚ

ባለፈው ቅዳሜ ትንሿን ልጄን ሳጥባት ጣቴ አከርካሪዋ ላይ ቆመ። ከሳሙናው ሥር ትንንሾቹ አጥንቶች እንደ መቁጠሪያ በተርታ ተሰክተዋል። "እማዬ፣ ኮረኮርሽኝ!" ብላ ጮኸች። እኔ ግን ሐሳቤ ሄዷል። እነዚህን አጥንቶች መጀመሪያ በስማቸው የጠራሁበት በልግ ትዝ አለኝ።

የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ነው። አርባ ምንጭ ላይ የሴቶች የስፖርት ቤት ሊከፈት ነበርና አሠልጣኝ ለመሆን የምንማር ጥቂት ልጃገረዶች ነበርን። ዐቢይ ጾም ነው። ሌሊት ዝናብ ይጥላል፤ ጠዋት መንገዱ ጭቃ ነው። ከላንቴ የመጣው ሙዝ መንገድ ዳር ተራግፎ ሽታው አየሩን ይሞላዋል። ለጿሚ ሆድ ይህ ቀላል ፈተና አይደለም።

አንድ ቀን አስተማሪያችን ዳዊት በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ነገር ወዳለበት ክፍል አስገባን። ጨርቁን ሲገልጠው የሰው አፅም ቆሟል። አማተብኩ። ከጎኔ የነበረችው የጨንቻዋ አስቴር ደረቷን ይዛ በጋሞኛ ማልቀስ ጀመረች። እኛ ዘንድ የሞተ ሰው ፊት በደረቅ ዓይን አይቆምም፤ ተከትለናት ሁላችንም አለቀስን።

"ነፍስ ይማር" አልኩ።

"ቤተሰብ የለውም እንዴ? ምነው ሳይቀብሩት?" አለች አስቴር።

ዳዊት ከሰሜን የመጣ ልጅ ነው፤ ለቅሷችንን ማቋረጥ አፈረ። በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠራረገና "እኅቶቼ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ግን ፕላስቲክ ነው" አለ።

ሳቃችን እስከ ግቢው በር ተሰማ። "እንባዬን መልስልኝ!" አለችው አስቴር።

"የእናንተው ግን ፕላስቲክ አይደለም" አለ። "ዳስሱት እስቲ።"

መሬት ላይ ተቀምጠን እግራችንን ዘረጋን። የጉልበታችንን ሎሚ በሁለት ጣት ይዘን ገፋ ስናደርገው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሄደ። ትንሽ ክብ አጥንት፣ በጅማት ብቻ ተይዛ ሰውን ዕድሜ ልኩን ታስኬዳለች። እዚያው ጉልበቴ ላይ ስትኖር እኔ አላውቃትም ነበር። ሳቁ ጠፋ። ማንም ሳያዘን ድምፃችንን ዝቅ አደረግን።

ዳዊት "ስትንበረከኩ ክብደታችሁን በአንድ ጊዜ እሷ ላይ አትጣሉ" ሲል እናቴን አሰብኩ።

እናቴ ከጨንቻ ወርዳ ከእኔ ጋር ትኖር ነበር። በዚያ ዳገት እንጨት ስትሸከም የኖረችበት ጉልበቷ ስላበጠ የንስሐ አባታችን "ዘንድሮ ስቅለትን ተቀምጠሽ ጸልዪ" ብለዋታል። ያን ቀን የሠራሁላትን ኩርኩፋ አልቀመሰችም፤ የበቆሎው ድብልብልና የሽፈራው ቅጠል ሳህኑ ላይ ቀዘቀዘ። ሳትሰግድ ያለፈ ስቅለት አታውቅም።

"እማዬ፣ እስቲ ስገጂ ልይሽ" አልኳት።

ስትንበረከክ ጉልበቷ መሬቱን ሲመታ ድምፁን ሰማሁ።

"መጀመሪያ ዳሌሽን ወደ ኋላ። ከዚያ እጆችሽ። ጉልበትሽ መጨረሻ ይረፍ።"

"አንቺን ሳልወልድ ጀምሮ ስሰግድ የኖርኩ ነኝ። አሁን ደግሞ የስፖርት ስግደት መጣ?"

"የስፖርት አይደለም። አጥንትሽን የሠራው እንዲህ እንዲታጠፍ አድርጎ ነው።"

ዳሌዋን ወደ ኋላ ገፋች።

ዳዊትን ሳማክረው "ካመማት ወዲያው አቁሚ፤ የጭኗን ጡንቻ ቀስ በቀስ አበርቺ" አለኝ። ስለዚህ በየቀኑ ዝቅ ባለች የእንጨት ዱካ ላይ በዝግታ አስቀምጣት፣ በዝግታ አስነሣት ጀመር። ጎረቤት በድንገት ከገባች እናቴ ጎንበስ እንዳለች "መርፌ ጠፍቶኝ ነው" ትላለች።

ስቅለት ደረሰ። ሙቀቱ ከባድ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ ሁሉ አንድ ላይ ለስግደት ሲወርድ እኔ ቆሜ ቀረሁ፤ ዓይኔ እሷ ላይ ነው። ዳሌዋ ወደ ኋላ፣ እጆቿ መሬት፣ ከዚያ ጉልበቷ ቀስ ብሎ። ተነሣች። እንደገና ወረደች። ሲደክማት አረፍ ትላለች፤ ደግሞ ትነሣለች። በነጠላዋ ውስጥ አከርካሪዋ ሲታጠፍና ሲቃና፣ መጋጠሚያው ሁሉ ለመጋጠሚያው ሲታዘዝ አየሁ። ይህን ሥራ ቆሞ ማየትም ጸሎት መሰለኝ።

በመጨረሻ የንስሐ አባታችን ሰዉን በወይራ ቅጠል ቸብ እያደረጉ የሚሰግደውን የስግደት ቁጥር ሲሰጡ፣ ለእኔ ሰጡኝና እናቴን ነካ አድርገው ብቻ "አንቺ ይበቃሻል፣ ሂጂ" አሏት።

"አባቴ፣ ለልጄ የሰጡትን ለእኔም ይስጡኝ።"

"ጉልበትሽስ?"

"ተምሯል፣ አባቴ" አለች።

ፈገግታቸውን በወይራው ሸፍነው ሰጧት።

እናቴ ካረፈች ቆይቷል። እስክታርፍ ድረስ ስቅለትን ሰግዳለች፤ ተመስገን። እኔ ዛሬም ሴቶችን አሠለጥናለሁ። አዲስ የመጣችውን "ጉልበትሽን ልንካው?" ብዬ እጠይቃለሁ። ስትፈቅድልኝ፣ እጄን ከማሳረፌ በፊት በልቤ አማትባለሁ።